ለእናታችን የተከራየው ክፍል

ወንድሜ የሚሠራው ዱባይ ነው፤ የሚያድረው ግን ሻርጃ። ይህን ስናገር ሰው «እንዴት ነው ነገሩ?» ይለኛል፤ እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የሚሠራበት ከተማ ኪራዩ አይቀመስም፤ ስለዚህ ጎኑ ካለው ከተማ ሄዶ ያድራል። ያም ቢሆን ርካሽ ሆኖ አይደለም፤ ከባሰው የተሻለ ሆኖ ነው። በየቀኑ አውቶቡስ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ከጎንደር ማክሰኝት ወርዶ፣ ገበያውን ቃኝቶ ለመመለስ ይበቃል። ዲግሪ የጫነ ልጅ እኮ ነው! አንድ መጋዘን ውስጥ ሒሳብ ይሠራል።

መጀመሪያ የነበረበትን ቤት «ፓርቲሽን» ይሉታል። አንድ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ተሸንሽኖ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አልጋና አንድ የልብስ መስቀያ የምትበቃ ጉሮኖ ትደርሰዋለች። መስኮት የደረሰው ሰው የበለጠ ይከፍላል። ለወንድሜ የደረሰው መሀሉ ነው። ጎረቤቱ ሲገላበጥ የእሱ አልጋ ይንቀጠቀጣል፤ ማዶ ያለው ሲያነጥስ፣ መልኩን ለማያውቀው ሰው «ይማርህ» ይላል። ይህን በስልክ ሲያወራኝ ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ።

እምዬ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። እናታችን አምባ ጊዮርጊስ ተወልዳ፣ ጎንደር ለደብር መሪጌታ ተድራ የመጣች ሴት ነበረች። አባታችን ካረፈ በኋላም ያንኑ ቤት ይዛ ኖረች፤ ኪራይ የሚባል ነገር በዕድሜዋ ከፍላ አታውቅም። «ለመተኛ ነው ይኼ ሁሉ ገንዘብ?» አለችኝ። «ዓይን ተጨፍኖ ለሚታለፍ ሌሊት? በዚህ እኮ በሬ ተገዝቶ ይታረስበት ነበር!» ከዚያ ወዲያ ወንድሜ በደወለ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፤ «መስኮት አገኘህ ወይ?» ትለውና ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች። በስልክ ማውራት አትወድም ነበር፤ ሰው ፊቱ ሳይታይ እንዴት ይወራል ባይ ናት።

እምዬ ልቧን ታምማ ነበር። እኔ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ሐኪሞቹ ደም የሚያሳልፈው የልቧ ቫልቭ ጠቧል ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፤ ወረፋው ደግሞ ሩቅ ነው። ለወንድሜ ስነግረው አላመነታም። «እኔ አመጣታለሁ። እዚህ ትታከማለች» አለ። ከዚያ ለካ እናቱን ማስመጣት የሚፈልግ ሰው በስሙ ሁለት መኝታ ያለው ቤት መከራየት አለበት፤ ያለዚያ ቪዛ የለም አሉት። ያ ከጉሮኖ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ የዓመት ውል ፈረመ።

ቤቱን ለመክፈል ያደረገውን ሁሉንም አልነገረኝም፤ እየለቃቀምኩ ነው የደረስኩበት። ምሳ ተወ። ማታ ማታ የሰው ሱቅ ሒሳብ መሥራት ያዘ። ፀጉሩን ራሱ በመስታወት እያየ ይላጭ ጀመር፤ ማጅራቱን ስለማያየው ሲያበላሸው ኮፍያ ያደርጋል። «እስክትመጣ እንኳ አንዱን ክፍል ለሰው አታከራይም?» ብለው፣ «ውሉ አይፈቅድም። ደግሞ ድንገት ብትደርስስ?» አለኝ። የእምዬን ክፍል እያዞረ በወሬ ያሳያት ነበር። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ለጸሎት ይመችሻል። ብርድ ልብስ ገዝቼልሻለሁ። «በዚያ ሐሩር ብርድ ልብስ?» ስትለው፣ «ብርድ ልብስ የማይለይሽ የወገራ ደገኛ አይደለሽ፣ የቤቱ ማቀዝቀዣ ቢበርድሽስ?» አላት። እምዬ ያን ቀን እስክታነባ ሳቀች። መሄዱንም ያን ቀን ነው እሺ ያለችው።

ቪዛው «ይኸው ደረሰ፣ ይኸው ደረሰ» ሲባል፣ አንድ ጠዋት ሻይ ይዤላት ገባሁ። ነርስ ነኝ ብያለሁ፤ ከበሩ ላይ ሆኜ አወቅሁ።

አጎታችን፣ የእምዬ ታላቅ ወንድም፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያ ባገኘው መኪና ደርሶ ገና ሬሳው ሳይወጣ ስልኬን ያዘ። ለወንድሜ ልደውል ነበር። «ምነው አንቺ ልጅ! ልጁን ልትገይው ነው? መርዶ በስልክ ተነግሮ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ የሞት ወሬ ለባለቤቱ ተወርውሮ አይሰጥም። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰባስበው፣ ጎህ ሲቀድ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ግራ ቀኙን ይዘው ነው የሚያረዱት። ያን ጊዜ ያለቅሳል፤ እርሙን ያወጣል። እዚያ ፎቅ ላይ ብቻውን ያለ ልጅ ማን አለው? ማን ይይዘዋል? የንስሐ አባታችንም ከአጎታችን ጋር ተስማሙ። አገር ቤት እስኪመጣ ወይም እዚያ ሄዶ የሚያረዳው ሁነኛ ሰው እስኪገኝ፣ ሆድ ይፍጀው ተባለ።

የማን ሆድ? የእኔ ሆድ! ሌላው አልቅሶ፣ ንፍሮውን በልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስልኩ የሚጮኸው እኔ ቤት ነው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ከቀብሯ መልስ፣ ወንድሜ ደወለ። የእድሩ ድንኳን ሰው ሞልቶታል። እኔ ገና ደረቴን እየመታሁ ነበር፤ አጎታችን በዓይኑ ጠቀሰኝና ተነሣሁ። ጓሮ ዞሬ፣ ፊቴን በውሃ መትቼ አነሣሁት። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አለኝ። «ጉንፋን ነው።» «እምዬስ?» «ተኝታለች» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ስመለስ ለቅሶው አልፎኝ ሰው ምሳ ይቀርብለት ነበር። ከዚያ በኋላ እንባ እንቢ አለኝ፤ እንግዳ ማስተናገድ ያዝኩ።

ያን ዓመት ዳታ ጠፍቶ ስለነበር በምስል መደዋወል የለም፤ ድምፅ ብቻ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ። ግን እሑድ ሲደውል ጥቁሬን ሳላወልቅ አንሥቼው አላውቅም። ጥቁር በስልክ የሚሰማ ይመስል! ቀይ ሹራቤን ደርቤ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። እምዬ አንድ ሰሞን ጠበል ገባች። አንድ ሰሞን ኪዳን ላይ ናት። አንድ ሰሞን ጉሮሮዋን ይዟታል። መቼም በስልክ ማውራት እንደማትወድ ያውቃል፤ አያስጨንቀኝም። የሚፈልገው ወሬዋን ነው።

ወሬዋን ከየት ላምጣ? ፈጠርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እምዬ እሑድ ዕለት ምን ትላለች እያልኩ ሳስብ እሰነብታለሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብላ መለሰችልኝ። ከጎረቤት ጋር በዶሮ ተጣልታ ሦስት ቀን ተኳረፉ። ቄሱን ስብከታቸው ረዘመ ብላ አማቻቸው። እሱ በሳቅ ይፈርሳል። እውነቱን ለመናገር እምዬ በሕይወት ሳለች እንዲህ ነገረኛ አልነበረችም፤ ከሞተች በኋላ ነው ተንኮል የተማረችው። አንዳንዴ የማወራው ሁሉ ሳላስበው ከአፌ ይወጣና፣ እኔው ራሴ «ወይ ጉድ፣ እንዲህ አለች?» እላለሁ።

አርባዋ ዕለት ቤቱ ሰው ሞልቶት፣ ካህናቱ ፍትሐት ጨርሰው ዝክሩ ሲቀርብ፣ ድንገት ደወለ። እሑድ ስላልነበረ አልጠበቅሁትም፤ ደንግጬ አነሣሁ። «ምንድን ነው ጫጫታው?» አለኝ። «የእምዬ ማኅበር ደርሶን ነው። የማርያም» አልኩት። አፌ ያመጣልኝን ነው ያልኩት። «የማርያም?» አለ። «አዎ፣ ሰው በዝቷል፣ በኋላ እደውልልሃለሁ።» «እሺ እትዬ። ማርያም ትስማችሁ» ብሎ ዘጋው። እሰይ፣ አለፈ አልኩ።

የሚያረዳው ሰው ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነበር። እዚያ የሚኖር አንድ የአርማጭሆ ሰው በዘመድ በኩል ተገኝቶ ነበር። እሺ ብሎ፣ እቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ሳይነግረው ተመለሰ። «አፌ አልታዘዘኝም። ምግብ አቀረበልኝ፣ የእናቱን ክፍል አሳየኝ፣ እኔ ምን ልበል?» አለን። ሌላ ሰው ስናፈላልግ ወራት አለፉ። በየወሩ መጨረሻ ወንድሜ ለሞተች ሴት አልጋ ይከፍላል፣ እኔ እያወቅሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። አንድ ቀን አጎታችን ዘንድ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄጄ ተጣላሁት። «አያ፣ ልጁ ምሳ አይበላም! ይነገረውና ቤቱን ይልቀቅ!» አልኩት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደጁን እያየ፣ «ርሃብ ያልፋል፤ መርዶን ብቻውን የሰማ ሰው ግን ይሰበራል፤ አይጠገንም» አለኝ። ተመልሼ መጣሁ።

ከዚያ ውሉ ሊያልቅ ሆነ። ድጋሚ ከፈረመ ሌላ ዓመት ሊታሰር ነው። ይኼን ማለፍ አልቻልኩም። እሑድ ሲደውል፣ «እምዬ ሐሳቧን ቀይራለች። በሰው አገር አልታከምም ብላለች። ቤቱን ልቀቀው» አልኩት።

«ከራሷ አፍ ልስማው» አለኝ።

«ጉሮሮዋን እኮ...»

«አንድ ቃል ብቻ፣ እትዬ። አንድ ቃል።»

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ እምዬ ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ እንደ እሷ ሳልኩ፤ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ የሚቆራረጥ ሳል። ከዚያ «ልጄ፣ ቤቱን ተወው፣ እኔ ከቤቴ አልወጣም፣ እመብርሃን ትከተልህ» አልኩ። ኧረ በመድኃኔዓለም! የወጣው የእኔ ድምፅ አልነበረም። ማስመሰል ሌላ ነው፤ ያ ግን ራሷ ነበረች፤ «ልጄ» ስትል የምትጎትታት ነገር ሳትቀር። ክፍሉን ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። ስልኩን ሳነሣው ወንድሜ ይተነፍሳል። «አሜን፣ እምዬ» አለና ዘጋው።

በሚቀጥለው እሑድ ደውሎ ውሉን አድሻለሁ አለኝ።

«ምን ነካህ? እሷ እያለችህ?»

«ሐሳቧን መልሳ ብትቀይርስ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ከሥራ ስገባ በሩን በቀስታ እዘጋለሁ። በእምዬ ክፍል በኩል ሳልፍ ጫማዬን አወልቃለሁ። ጎረቤት መጥታ ጮክ ብላ ካወራች እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ እሷም ትደነግጥና ዝም ትላለች፤ ለምን ዝም እንዳለች ሁለታችንም አንጠያየቅም። አንድ ቀን ሻይ በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ ራሴን አገኘሁት። አፈሰስኩት። በነጋታው ደግሞ ቀዳሁ። ሳሉን እሰማለሁ ብል ሰው ምን ይለኛል? የሰው ሕመም ሳይ የምውል ነርስ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ስም እንዳለው አላጣሁትም። ግን እሰማለሁ። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ የባሰኝ ደግሞ ሳሉ ያልተሰማኝ ቀን መጨነቄ ነው። ተሻላት ይሆን እላለሁ።

እንዲህ ስንል ስንከርም ወንድሜ «ልመጣ ነው» ብሎ ደወለ። አጎታችን ነገሩን ሁሉ አደራጀ፤ ለቅሶ ማደራጀት ይችልበታል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልነው። ከስቶ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። በሰው ሁሉ ፊት «እምዬስ?» አለ። አጎታችን፣ «ጠበል ናት፣ ነገ እንሄዳለን» አለው። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ያን ሌሊት ጎረቤት ቤት አሳደርነው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ገባ። እንደ ወጉ አስቀምጠው፣ አጎታችንና አንድ ጎረቤት ግራ ቀኙን ይዘው፣ የንስሐ አባታችን ሞት ለማንም እንደማይቀር ተናግረው፣ አረዱት። ወንድሜ ጮኸ። ደረቱን መታ፣ መሬት ላይ ወደቀ፣ ሰው ያዘው፣ እንደገና ወደቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። አጎታችን ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ «ሸጋ አለቀሰ። እርሙን አወጣ። እኔ ምን አልኩሽ?» አለኝ። ከዚያ እያለቀሰ ወደ ቤታችን አመጡት፤ ድንኳኑም እንደገና ተተከለ።

ከቀትር በኋላ ሰው ቀለል ሲል ጓሮ ወጥቶ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኑ አብጧል።

«አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የዛን ቀን ስደውል የማርያም ማኅበር ነው አልሽኝ። ቀኑ እኮ ሥላሴ ነበር፣ እትዬ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ፤ እዚያ አገር ስለሆንኩ ቀን ይጠፋብኛል? በሥላሴ ቀን ቤታችን ሰው የሚሞላው ለምን እንደሆነ አሰብኩ። ወደ ኋላ አርባ ቆጠርኩ። ጉንፋን ይዞኛል ያልሽኝ ቀን ላይ ደረስኩ።»

እንደዚያ ሆኜ ተናድጄ አላውቅም። ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስቼ ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው ያን ቤት ተሸክመህ የከረምከው? ምሳህን ትተህ! ፀጉርህን እንደ በግ ሸልተህ! ለማን ብለህ ነው ደግመህ የፈረምከው?»

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ቤቱን ብለቅ፣ ማወቄን ታውቂ ነበር» አለ። «ካወቅሽ ደግሞ እሑድ ምን ትነግሪኛለሽ? እዚያ አገር እኮ ሁሉን በገንዘብ ነው የማገኘው፤ ውሃውን፣ ቅዝቃዜውን፣ አልጋውን። እምዬ ከጎረቤት በዶሮ ተጣላች ስትይኝ ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። እሱን ላጣው አልፈለግሁም። ኪራዩን ስከፍል ለዚህች ወሬ ነው የምከፍለው እል ነበር። ድምፅዋን የሰጠሽኝ ቀን ለቅቄ ወደ አገሬ ልገባ ቆርጬ ነበር። ከሰማሁት በኋላ እንዴት ልልቀቅ?»

«አሁንስ?»

«አሁን አቃተኝ፣ እትዬ። ወሩ ደርሶ የምከፍለው አጣሁ። ቁልፉን አስረክቤ፣ የመለሱልኝን ማስያዣ ይዤ ቲኬት ቆረጥኩበት። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ዝም ያልኩት ግን የማስመሰል አይደለም። እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነው። ማወቅና መረዳት አንድ አይደሉም።»

እጁን ይዤው ቁጭ አልኩ። አንጀቴን በላው፤ እኔም የእሱን ሳልበላው አልቀረሁም።

እቤት ውስጥ ሴቶቹ ለሚያድረው ሰው ፍራሽ ያወጡ ነበር። የእምዬን ክፍል ከፍተው ሲገቡ በሩ ተላትሞ ጓ አለ፤ አንዷ ጮክ ብላ ሌላዋን ጠራች። ዘልዬ ተነሣሁ።

«ኧረ ቀስ በሉ! ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳት!»

ፍራሹን የተሸከመችው ሴት ባለችበት ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወደ ጓሮው አንገታቸውን አወጡ። አጎታችን ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና ብድግ አለ። እኔ ያልኩትን የሰማሁት ሰው ሁሉ ሲያየኝ ነው። ላስተካክለው ፈልጌ ነበር፤ ግን የምር አሁን እንዳትነቃ ፈርቼ ድምፄን ማሰማት ከበደኝ።

ወንድሜ ክንዴን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። አጎታችን ማንም ሳይነግረው መጥቶ በግራዬ ተቀመጠ። ወንድሜ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ፤ ጠዋት እሱን እንዳረዱት፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«እትዬ፣ እምዬ ሞታለች» አለኝ።

አውቃለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ጩኸት ነው። ሴቶቹ ፍራሹን ጥለው ሮጠው መጡ፤ ግራ ቀኜን ያዙኝ፤ ወንድሜም እስኪመሽ አልለቀቀኝም።